የአርባዎቹ ጋኖች ተቆጣጣሪ

ባለፈው እሑድ ጋቢ ተሸለምሁ። ጥሩ ጋቢ ነው፤ ፈትሉ ቀጭን፣ ጠርዙ አረንጓዴ፣ ትከሻ ላይ ሲያርፍ ክብደቱ ደስ የሚል። የሸለሙኝ የከተማችን የዳባት የእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ቀይ ሰደርያ የሚለብሱ፣ የልጅ ልጆቼ እኩዮች። ከማዘጋጃ ቤቱ መደርደሪያ ላይ አቧራ የጠጣ አሮጌ ደብተር አግኝተው ኖሯል። ሽፋኑ ላይ «ዳባትን ከእሳት ለመጠበቅ የሃያ ዓመት እቅድ» ይላል። መጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ በሚያምር ቁም ጽሕፈት «አዘጋጅ ደምሌ» የሚል አለ። ደምሌ እኔ ነኝ። ከዚያ ዘመን የእሳት ማኅበርተኞች በሕይወት የቀረሁትም እኔ ብቻ ነኝ፤ ስለዚህ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ፣ «አርቀው ያዩ አባታችን» አሉኝ፣ አጨበጨቡልኝ። እኔም አንገቴን ደፋ አድርጌ አመሰገንሁ። ከዚያ ጠላ ቀረበ። ጣሳውን ወደ አፌ ሳስጠጋ በወይራ የታጠነ ጋን ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ ሳልቀምሰው መልሼ አስቀመጥሁት። ያ እቅድ የኔ አልነበረም። የጎረቤቴ የዘለቀ ነው። በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ ደግሞ እንደ ዘለቀ የቀናሁበት ሰው የለም።

ያ ዘመን ጣሊያን ወጥቶ ንጉሡ ከተመለሱ በኋላ ያለው ነው፤ ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፣ እየተምታታብኝ ነው። የማይምታታብኝ ዶሮ በስሙኒ፣ ጋን በብር ከስሙኒ ይሸጥ እንደነበር ነው። ከአስመራ የሚመጡት የጭነት ማኪናዎች የሊማሊሞን ዳገት ወጥተው እኛ ዘንድ ሲደርሱ አፍንጫቸው እየጨሰ ይቆማሉ፤ ሾፌሮቹ በቆዳ ጃኬታቸው ወርደው በጣሊያንኛ ይሳደባሉ፤ እኛም ዙሪያቸውን ከበን ስድቡን እናጠናለን። ወንዱ ተፈሪ ሱሪና ካኪ ኮት፣ ደህና የያዘው ደግሞ ከላይ በርኖስ ይደርባል። ዳባት አንድ ረጅም መንገድ ነበረች። ጣሊያን ጥሏቸው ከሄደው አራት የቆርቆሮ ቤቶች በቀር በግራም በቀኝም የሣር ክዳን ነው፤ ክዳኑ ከክዳን ጋር የተሳሳመ፣ ድመት ከላይኛው ሰፈር ተነሥታ መሬት ሳትረግጥ ታችኛው ሰፈር የምትደርስበት። በዚያ ላይ የወገራ ነፋስ አለ። ዛሬም ይነፍሳል፤ ዛሬ ግን ቆርቆሮ ያንኳኳል እንጂ የሚያቀጣጥለው ብዙ አያገኝም። ማታ ማታ ሲያንኳኳ ስሰማ «ዘለቀ ሠራልህ!» እለዋለሁ።

እኔ የወረዳ ግዛቱ ጸሐፊ ነበርሁ። ከቤተ ክህነት ትምህርት የወጣሁ፣ ቁም ጽሕፈቴ ጎንደር ድረስ የሚታወቅ፣ ደረት ኪሴ ላይ ብዕር የሚሰካ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጫማዬን ቀለም የምቀባ ሰው ነበርሁ። በከተማው ከኔ በላይ ሊከበር የሚገባው ሰው አይታየኝም ነበር። ዘለቀ አናጺ ነው። በጣሊያን ጊዜ መንገድ ሥራ ላይ ውሎ ጥቂት ጥበብ ቀስሟል፤ ከኔ በአምስት ዓመት ይበልጣል፤ ስሙን ከመጻፍ ያለፈ ጽሕፈት የለውም። ታዲያ ምኑ ያስቀናል ትሉኝ ይሆናል። ሁሉ ነገሩ! የሠራው በር አይንሻፈፍም። ሲስቅ ሰው ሁሉ ይስቃል። ሽማግሌዎቹ እኔን «ጸሐፊ» ሲሉኝ እሱን «ልጃችን» ይሉታል። ቤቴና አውደ ሥራው ጎን ለጎን ስለነበሩ የመጋዙን ድምፅ ስሰማ እውላለሁ፤ መጋዙ እንኳ ከሌላ ሰው መጋዝ የተሻለ ይዘምር ነበር። ባለቤቴ ባንቺአምላክ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አንድ ቀን ተሰብሮ የነበረ በርጩማችንን ጠግኖ ሲልክላት አገላብጣ አየችውና «ዘለቀ እኮ ሰው ነው» አለች። ይኸው ነው ያለችው። እኔ በዚያ ሳምንት ለጠቅላይ ግዛቱ የጻፍሁትን ደብዳቤ አንብቤላት «ደክሞህ ይሆናል፣ እራት ብላ» ነበር ያለችኝ።

አንድ መጋቢት፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ በላይኛው ሰፈር ከአንዲት ጎጆ እሳት ተነሣ። ነፋሱ ተቀበለው። እንስራ ያለው ወደ ምንጭ ሮጠ፤ ምንጩ ደግሞ ቁልቁል ነው፤ ውሃ ቀድተው ዳገቱን ሲወጡ አሥራ አንድ ቤት አመድ ሆኖ ጠበቃቸው። ሰው አልሞተም፤ ግን የዓመት እህል ከነጎታው ሲቃጠል አይቻለሁ። የሚቃጠል ገብስ እንደ ቆሎ ይሸታል፤ ሰው እያለቀሰ ምራቁ ይሞላል። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሰ ገበዙ ሕዝቡን ደጀ ሰላሙ ላይ ሰበሰቡት። እኔ ተዘጋጅቼ ነው የሄድሁት። ስምንት ገጽ አቤቱታ ጽፌያለሁ፤ ጎንደር ላለው መሥሪያ ቤት፣ የእሳት ማጥፊያ ማኪና እንዲሰጠን። ቆሜ አነበብሁት። አንዳንዱ ቃል ለራሴም እንባ አመጣብኝ። ሰው ሁሉ «እሰይ ጸሐፊ!» አለኝ። ያንን «እሰይ» እስኪበርድ እንኳ አላጣጣምሁትም፤ ዘለቀ ከኋላ ተነሣ።

«አቤቱታው ሸጋ ነው፤ ይላክ» አለ። «ግን ማኪናው እስኪመጣ ነፋሱ ቁሞ አይጠብቀንም።»

«ታዲያ ምን ይሁን ትላለህ?» አሉት ቄሰ ገበዙ።

ዘንጉን ይዞ መሬቱ ላይ የከተማዋን መንገድ አሰመረ። አርባ ጋን ውሃ፣ በየአራት ቤቱ ደጃፍ አንድ አንድ፤ ይኸ የመጀመሪያው ዓመት ነው። አንድ የማኪና ቸርኬ ዛፍ ላይ ይሰቀልና ደወል ይሁን። ሁለተኛውና ሦስተኛው ዓመት መሰላልና ሣር መጎተቻ ሜንጦ ይሠራል። ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ጉብታው ላይ በድንጋይና በኖራ የክረምት ውሃ ማጠራቀሚያ ይቆፈራል። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ አምስት አምስት ቤት፣ ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን ጀምሮ፣ ሣሩ ወርዶ ቆርቆሮ ይለብሳል፤ ለዚህ የሚቋቋም ማኅበር ያግዛል። «ሃያ ዓመት ሲሞላ» አለ «እሳት ቢነሣ ከአንድ ቤት አያልፍም።»

ሰው ሳቀ። ሃያ ዓመት! በዚያ ዘመን ሰው ከመኸር እስከ መኸር እንጂ አርቆ አያስብም ነበር። አንዱ ሽማግሌ «ልጄ፣ ያን ጊዜ ማን ኖሮ ሊያየው?» አሉት።

«እኔም እንጃ። ነፋሱ ግን ይኖራል» አለ ዘለቀ።

ሳቁ ቆመ። እኔ ስምንት ገጽ ጽፌ ያላገኘሁትን ዝምታ ሰውዬው በአንድ ቃል አገኘው። በዚያች ቅጽበት ደረቴ ላይ የገባው ነገር እንደ ሚጥሚጣ ነው ያቃጠለኝ፤ ስሙን ያን ጊዜ አልጠራሁትም፤ አሁን ልጥራው፣ ቅናት ነው። ይባስ ብለው ቄሰ ገበዙ «በል ደምሌ፣ አንተ ጻፍለት» አሉ። ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ አውደ ሥራው ውስጥ የእንጨት ፍቅፋቂ ላይ ተቀምጬ እሱ ሲናገር እኔ ጻፍሁ። ከፍ እንዲል ብዬ ግእዝ ጣል ጣል አደርግበታለሁ፤ ሳነብለት «ይችን ቃል አውጣት፤ ገበሬው አይገባውም» ይለኛል። አወጣታለሁ። ተበሳጭቼ ነው የማወጣት፤ ግን ስትወጣ ዓረፍተ ነገሩ ይበልጥ ያምራል፣ እሱ ደግሞ የባሰ ያናድደኛል። ስንጨርስ እሱ ሚስማር ሊያመጣ ወደ ጓዳ ገባ። እኔም መጨረሻው ገጽ ላይ «አዘጋጅ ደምሌ» ብዬ ጻፍሁና ቀለሙ እንዲደርቅ እፍ አልሁበት። እሱ ተመልሶ አላየውም፤ ወይም አይቶት ምንም አላለም።

በዚያው ሰሞን ግንብና ኖራ የሚያውቅ ሰው ልንፈልግ ሁለታችን በጭነት ማኪና ጎንደር ወረድን። ለሰው በነፍስ ወከፍ አንድ ብር ነው፤ የጨው ጆንያ ላይ ተቀምጠን። ጎንደር ያን ጊዜ! ፒያሳ የጣሊያን ሕንፃዎች ቀለማቸው ገና አልለቀቀም፤ ማኪያቶ የሚጠጡ ባለ ክራቫት ሰዎች፣ ከአንድ ሱቅ የግራማፎን ዘፈን፣ የጥርስ ሣሙና ሽታ። እኔ አቤቱታዬን ይዤ ቢሮ ገባሁ፤ «ነገ ተመለስ» ተባልሁ፤ በነጋታው «ሰኞ» ተባልሁ። ዘለቀ ፋሲል መዋኛ ሄዶ ዋለ። ሳገኘው ግንቡን በክንዱ እየለካ፣ ኖራውን በጥፍሩ ፈቅፍቆ ወደ ምላሱ እያስጠጋ ነበር። «አየህ ደምሌ» አለኝ «እኒህ ሰዎች ስንት ዓመት አስበው ይሆን የሠሩት? ለኛ አላሰቡም፤ ግን ይኸው ደረሰልን።» እኔ አዲስ ብዕር ገዝቼ ነበርሁ። ከኪሴ አውጥቼ ላሳየው አስቤ ተውሁት።

ከጎንደር ማኪና አልመጣም፤ መልስም አልመጣም። ጋኖቹ ግን መጡ። ሸክላ ሠሪዎቹ ትክል ድንጋይ ከሚባለው አገር በአህያ አመጧቸው፤ አርባ ጋን በመንገዱ ግራና ቀኝ ከነክዳናቸው ተደረደሩ። ከዚያ የማኅበሩ ሥራ ሲከፋፈል ዘለቀ ተነሥቶ «ጋኖቹን ደምሌ ይቆጣጠር» አለ። ተናደድሁ። ያን የመሰለ ጽሕፈት ያለውን ሰው ጋን ጠባቂ! ግን ወዲያው አንድ ሐሳብ መጣልኝ፦ ተቆጣጣሪ ማለት ጉድለት የሚያገኝ ማለት ነው፤ የእቅዱን ጉድለት ማግኘት ደግሞ የዘለቀን ጉድለት ማግኘት ነው። ተቀበልሁ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ እንደወጣሁ ቁመቱ የተለካ ሸንበቆ ይዤ አርባውንም ጋን እየከፈትሁ አያለሁ። የተሰነጠቀ፣ የጎደለ፣ ጫጩት የሰጠመበት፣ ሴት ልብስ ያጠበችበት፣ ሁሉን ጻፍሁ። በየወሩ ስብሰባ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበዋለሁ፤ ዘለቀ ላይ ዓይኔን ተክዬ። እሱ ግን «ሸጋ! ሸጋ አየህልን!» ይላል እንጂ አያፍርም። ስንጥቁ ይደፈናል፣ የጎደለው ይሞላል፤ በሚቀጥለው እሑድ እኔ ሌላ ጉድለት ፍለጋ እወጣለሁ። መሰላሉን እንኳ እርከን በእርከን እየረገጥሁ እፈትን ነበር፤ አንዱ ቢሰበርልኝ ብዬ። አልተሰበረልኝም።

እንዲህ እንዳለን በአራተኛው ዓመት የየካቲት ኪዳነ ምሕረት ደረሰ። ያን ዓመት ንግሡ ላይ ከጎንደር አንድ ትልቅ ሹም ይመጣሉ ተባለ፤ የእሳት ማኅበሩንም ወሬ ሰምተው ጋኖቹን ማየት እንደሚፈልጉ ተነገረን። ከበዓሉ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ የዘለቀ ሚስት አትጠገብ ሌሎች ሴቶች አስከትላ ደጄ መጣች። ቀይ፣ ፈጣን፣ ምላሷ እንደ ባሏ እጅ የተሳለ ሴት ነበረች።

«አያ ደምሌ» አለችኝ በትሕትና፣ «እንግዳው ብዙ ነው፤ የጠላ ጋን አነሰን። ከመንገዱ ጋኖች ጥቂቱን አውሰን። በዓሉ ሲያልፍ አጥበን ውሃ እንሞላልሃለን።»

«ዘለቀን ምነው አልጠየቅሽውም?»

«እሱማ እንቢ ይላል። ተቆጣጣሪው አንተ አይደለህ?»

ክልክል ነው ማለት ነበረብኝ። በገዛ እጄ የጻፍሁት ደንብ ነው፤ «ከጋኑ ውስጥ ከውሃ በቀር ምንም አይገባም» ይላል። ግን ሹሙ በሰው ፊት ክዳኑን ሲያስከፍቱ፣ ዘለቀም ውሃዬን እዩልኝ ብሎ ጠላ ሲገኝበት ታየኝ። በዚያ ላይ የሠራችው የገዛ ሚስቱ! የዚያን ቀን የተሰማኝን ደስታ ብነግራችሁ ትታዘቡኛላችሁ፤ ቢሆንም ነግሬያችኋለሁ። «ይሁን፤ ውሰዱ» አልኋት። ከአርባው አሥራ ስምንቱን ጋን ከነበሩበት ሳይነቀሉ አፈሰሱ፣ በወይራ ጢስ አጠኑ፣ ጌሾና ብቅል ጠነሰሱባቸው። ሁለት ሳምንት ሙሉ መንገዱ ወይራ ወይራ ሸተተ። ዘለቀ ጉብታው ላይ ለማጠራቀሚያው ድንጋይ ሲያስፈልጥ ይውል ስለነበር ሽታው የበዓል ድግስ ነው ብሎ አለፈው። እኔ በሁለቱም እሑድ ሸንበቆዬን ይዤ አሥራ ስምንቱን እየዘለልሁ ሃያ ሁለቱን ለካሁ።

በበዓሉ ዕለት ታቦቱ ወጥቶ ገብቷል፤ ሹሙ ዳስ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ሰዓቱ ስድስት ገደማ ነው። ከዳሱ ጀርባ ወጥ የሚሠራበት እሳት የዳሱን የባሕር ዛፍ ቅጠል ያዘው። ከዳሱ ወደ አንድ ቤት ክዳን ዘለለ። ቸርኬው ተደወለ። ማኅበርተኛው ሁሉ እንደተለማመደው በየጋኑ ቆመ። ዘለቀ የመጀመሪያውን ጋን ክዳን አነሣ፤ መቅጃ ቆሬውን ነከረ፤ አወጣው። ጥቁር ጠላ ከነድፍድፉ ወረደ። ሁለተኛውን ከፈተ፤ ጠላ። ቀና አለና አካባቢውን አየ። ዓይኑ እኔ ላይ ያረፈ መሰለኝ። ነፋሱ የሚሄደው ወደኛ ወገን ነበር፤ በመስመሩ ላይ የዘለቀ አውደ ሥራ አለ፣ ከሱ ቀጥሎ የኔ ቤት ነው፤ ባንቺአምላክ ደግሞ አራስ ናት፣ ሕፃን ታቅፋ ውስጥ ተኝታለች።

«ጠላም ውሃ ነው!» ብሎ ጮኸ ዘለቀ። «ቅዱ!»

ቀዱ። በቆሬ፣ በቅል፣ በጣሳ፣ ሴቶቹ በወጥ ድስት፤ ጠላ እንደ ዝናብ ወረደ። እሱ ሜንጦውን አነሣና የገዛ አውደ ሥራውን ክዳን ጎተተው። «ጎትቱ! አፍርሱት! እዚህ ላይ ይቁም!» ስምንት ሰው ሆነው ክዳኑንም ማገሩንም አወረዱት፤ የደረቀ ጣውላው ሁሉ፣ የጀመረው የሙሽራ አልጋ ሳይቀር፣ ሥር ቀረ። ከዚያ የኔ ጣሪያ ላይ መሰላል ተተከለ። ያ ቢሰበርልኝ ብዬ ስረግጠው የነበረ መሰላል ስድስት ሰው ቻለ። አሥር ጋን ጠላ የኔ ጣሪያ ላይ ፈሰሰ። ድፍድፉ ሣሩ ላይ እንደ ጭቃ ተለጥፎ ፍንጣሪውን አከሸፈው፤ ውሃ ቢሆን እንዲያ ባልተለጠፈ ይላሉ። ሁለት ቤትና አንድ ዳስ ነደደ፤ እሳቱ እዚያው ላይ ቆመ። ባንቺአምላክ ሕፃኑን ታቅፋ ስትወጣ ጠላ ከክዳኑ እያንጠባጠበባት ነበር። ሳምንት ሙሉ የሰፈሩ ዶሮ ሁሉ ጣሪያዬ ላይ ሰፍሮ ብቅል እየለቀመ ሰክሮ ይወድቅ ነበር።

ሹሙ ውሃ ጠጥተው ሳቁ። አዝማሪው መሰንቆውን አንሥቶ እዚያው ገጠመ፦

«ነፋስ ምን ያደርጋል ቢመጣ ቢገፋ፣
ዘለቀ ባለበት ጠላ እሳት አጠፋ።»

ሰው ተቀበለው። ባንቺአምላክ ሳትቀር ተቀበለችው። እስከ ዛሬ ድረስ ያቺን ግጥም የምታውቅ አሮጊት አለች። እኔ ላዋርደው ያበጀሁት ወጥመድ ዘፈን ሆኖለት አረፈው! ለኔ አንድ ስንኝ የገጠመልኝ የለም።

በነጋታው ማኅበሩ ተሰበሰበ። ቄሰ ገበዙ ተቆጥተዋል። «ጋኑን ለጠላ የፈቀደ ማነው?» አሉ። እኔ ብዕሬን ከኪሴ አውጥቼ ጫፉን መጥረግ ያዝሁ። አትጠገብ ከሴቶቹ መካከል ቆማ መሬት መሬት ታያለች። ሰው ተያየ። ዘለቀ ከመቀመጫው ተነሣ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ጥፋቱ የኔ ነው። እቅዱ ስለ በዓል አላሰበም ነበር። ድግስ የሌለበት አገር አስመስዬ ነው ያቀድሁት። ከእንግዲህ ለማኅበሩ የጠላ ጋን ለብቻ ይገዛ። ደምሌ፣ ጻፈው።»

ጻፍሁት። ስጽፍ ቀለም አንጠባጠብሁበት፤ ደብተሩ ላይ ዛሬም ይታያል። ሚስቱን ለመሸፈን ብሎ ነው አልሁ በልቤ። አትጠገብ ፈርታ አልነገረችውም፤ እሷ የጠየቀችው እኔን መሆኑን አያውቅም ብዬ ተማመንሁ። ከዚያ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሌላ ቅናት መጣብኝ። ሕዝቡ «አቤት ትሕትና!» እያለ በዙሪያው ሲንጫጫ፣ ጥፋቴን እንኳ ወሰደብኝ አልሁ።

ተቆጣጣሪነቴን ማንም አልነጠቀኝም፤ እኔም አልተውሁትም። ከዚያ ወዲያ ጋን ብቻ ሳይሆን ማጠራቀሚያውን፣ የቆርቆሮውን ሚስማር፣ የቸርኬውን ገመድ ሁሉ ተቆጣጠርሁ። ዘለቀ በአራት ዓመት ይገነባል ያለው ማጠራቀሚያ ስድስት ዓመት ፈጀ፤ ያቺን ሁለት ዓመት በየስብሰባው አነሣሁበት። ግንቡ ግን ጠብታ አላፈሰሰም፤ ሦስት ክረምት ሸንበቆ ይዤ ስንጥቅ ፈልጌ አጣሁ። ባሕር ዛፍ በዛ፣ ሱሪ ሰፋ፣ ከዚያ ጠበበ፣ ትራንዚስተር ሬዲዮ መጣ፣ የጋን ዋጋ ሦስት ብር ገባ። ከነፋሱ ወገን ቤቶች በየዓመቱ አምስት አምስት እየሆኑ ቆርቆሮ ለበሱ። የኔ ቤት ተራው በሰባተኛው ዙር ነበር፤ ቆርቆሮውን የመታው ዘለቀ ራሱ ነው፤ ሥሩ ቆሜ የጠመመ ሚስማር ስፈልግ አንገቴ ደነዘዘ። እሱ ሃያኛውን ዓመት አላየም። ሳንባው ታሞ በአሥራ ስምንተኛው ዓመት አረፈ። ቀብሩ ላይ ከአዲ አርቃይ ሳይቀር ሰው መጣ። እኔ አለቀስሁ፤ እያለቀስሁ ግን የሰውን ብዛት እቆጥር ነበር።

እንግዲህ ጋቢውን የለበስሁት እኔ ነኝ። አትጠገብ ዛሬ እማሆይ ናት፤ ያን ቀን ከሽማግሌዎቹ መካከል ተቀምጣ ስሸለም ታይ ነበር። ማግስቱን በዘንጓ እየተደገፈች ቤቴ መጣች። ሳመችኝ፣ ተቀመጠች፣ የጋቢዬን ጠርዝ ይዛ በጣቷ ዳበሰችው።

«ሸጋ ጋቢ ነው» አለች።

«የኔ አይደለም እማሆይ» አልኋት። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

«አውቃለሁ። የሱ ነው።» ጠርዙን ለቀቀችና «የዚያች የጠላዋ ለት፣ ገና አመዱን ከፊቱ ሳይታጠብ ነገርሁት» አለች። «"ደምሌን ጠይቄ ፈቅዶልኝ ነው" አልሁት።»

«ነገሩት?» አልሁ። «ታዲያ ምነው እኔ ነኝ ብሎ ተነሣ? ምነው አላስወጣኝም?»

ሳቀች፤ ጥርስ በሌለው አፍ። «እኔስ መች ተውሁት። "ይኸ ሰው ይቀናብሃል፤ አይታይህም? ምነው ታስጠጋዋለህ?" አልሁት። "እሱንማ ከመጀመሪያው አውቃለሁ" አለኝ። "ጋኑንስ ለምን ሰጠሁት መሰለሽ? የሚወደኝ ሰው ቢቆጣጠር ጎደሎዬን አይቶ ያልፍልኛል። ደምሌ አያልፍልኝም። ሃያ ዓመት የማይተኛ ዓይን ያስፈልገኝ ነበር፤ ይኸ በደሞዝ አይገኝም። አንድ ቀን ተሳሳተ ብዬ የሃያ ዓመቱን ተቆጣጣሪ ላስወጣው?" አለኝ።»

ያን ሁሉ እሑድ በሸንበቆ የዞርሁት፣ ያን ሁሉ ስንጥቅ የጻፍሁት እሱን ለመጣል ነበር። ሰውዬው ግን አርባውን ጋንና ቸርኬውን ሲያስብ፣ የኔን ቅናትም በእቅዱ ውስጥ ቦታ ሰጥቶት ኖሯል። የራሴ ነው ብዬ ያሳደግሁት አንድ ነገር ቅናቴ ነበር፤ እሱንም ከኔ በተሻለ ተጠቀመበት። አፈርሁ። አፍሬም፣ አልደብቃችሁም፣ ቀናሁ።

ጋቢውን አውልቄ አጥፌ ዘረጋሁላት። አልተቀበለችኝም። «ልበሰው፤ ዳባት ይበርዳል። ሠርተህበታል» አለች። «ደብተሩን ግን አርመው።» ዘንጓን ይዛ ወጣች።

ትናንት ወጣቶቹን ደብተሩን አምጡልኝ አልኋቸው። የበጎ ፈቃደኞቹ አለቃ የሆነችው ልጅ አመጣችልኝ፤ የሆነውን ሁሉ ነገርኋት፤ እስከ መጨረሻው ሰማችኝና መነጽሬን አቀበለችኝ። ከዚያ እንደ ልማዴ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ፣ ጣቴን በየመስመሩ እያስኬድሁ፣ ስህተት ፈለግሁበት። ጋኑን፣ መሰላሉን፣ ማጠራቀሚያውን፣ የቆርቆሮውን ተራ፣ የበዓሉን ደንብ፣ ሁሉንም። ከሃያ ዓመት እቅድ ውስጥ ያገኘሁት አንድ ብቻ ነው፤ መጨረሻው ገጽ ላይ በኔ እጅ የተጻፈው ስም። ሰረዝሁትና ከጎኑ «ዘለቀ» ብዬ ጻፍሁ። ከሥሩ ደግሞ በትንንሽ ፊደል «ተቆጣጣሪ ደምሌ» አልሁ፤ ቀለሙ እስኪደርቅም እፍ አልሁበት።